አምስት ሰው፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ የተቆለፈ ኢሜይል፦ ምን እንጠቀም?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬ ነው፣ ከከዚራ። የአንዲት ትንሽ የሰፈር ማኅበር አባል ነኝ። ችግኝ እንተክላለን፣ ቆሻሻ እንሰበስባለን፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የደቻቱ ዳር ነዋሪዎችን ስለ ጎርፍ እናስጠነቅቃለን። ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ለግማሽ ቀን። አራታችን በነፃ ነው የምንሠራው።

ንብረታችን ሁለት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ በእርዳታ የመጣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሲያሰኘው የሚሠራ ፕሪንተርና ካርድ እየሞላን የምንጠቀምበት የሲም ራውተር ነው።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ስብሰባ ላይ ፋይል በፍላሽ ተቀባበልን። ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት። ፎልደሮቻችን ሁሉ ሾርትከት ሆነው አረፉት። ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወሰድነው፣ ልጁም ፎርማት አደረገው። ከዚያ በኋላ ኢሜይላችንን ልንከፍት ስንል ፓስወርዱን ተቀበለና ኮድ ጠየቀን። ኮዱ የሚላከው መጀመሪያ ኢሜይሉን ወደከፈተልን ልጅ ስልክ ነው። ልጁ ከማኅበሩ ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይኸው እስከ ዛሬ ተቆልፎብናል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከዜሮ ብንጀምር ለኢሜይል፣ ለጽሑፍ ሥራ፣ ለመልእክትና ለፋይል ማስቀመጫ ምን እንጠቀም? ነፃ ወይም ርካሽ መሆን አለበት። ኔት ሲጠፋም መሥራት አለበት። እኔ ነገ ብለቅ ሌላ ሰው ያለ ጣጣ የሚረከበው መሆን አለበት።

ከሳምንት በኋላ የተጨመረ

መልሱ 34 ደርሷል። አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ከሚያነብ እኔው ልተርክለት ብዬ ነው። አንዳንዱ ወርቅ ነው፣ አንዳንዱ ስለ ፈቲራ ነው።

ቁጥር 1 አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው የመጣው። ቴሌግራም ካላችሁ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ነው ነገሩ። ግሩፕ አለው፣ ቻናል አለው፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይሸከማል፣ ሰዉም ቀድሞ እዚያው ነው። እውነት አለው። አዲስ አፕ ጫኑ ብሎ 60 እናቶችን መለመን ቀላል አይደለም። ቁጥር 2ም ደገፈው። ሳቢያን ባለው እድራቸው ልቅሶ እንኳ በቴሌግራም እንደሚነገር፣ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሥራ እንደፈታ ጻፈ።

ቁጥር 3 በትሕትና አረመቻቸው። የቴሌግራም ተራ ጭውውት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አይደለም፤ መልእክቱ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የተመሰጠረው ሚስጥራዊ የሚባለው ጭውውት ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ግን ሁሉንም ነገር ገና ከመነሻው ያመሰጥራል። ዋትሳፕም ከ2016 በፈረንጆቹ ጀምሮ መልእክቱን ያመሰጥራል። ሲግናል ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ቢጠይቅም ከ2024 ወዲህ ቁጥርህን ደብቀህ በመጠሪያ ስም ብቻ መገናኘት ትችላለህ። እሷ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው በቴሌግራም ይሁን፣ የሰው ስም ዝርዝር ግን በሲግናል ይሁን ባይ ናት።

ቁጥር 4 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ችግኝ የሚተክል ሰው ምን ሚስጥር አለው፣ እናንተ ራሳችሁን ሰላይ አደረጋችሁት እንዴ ብሎ አላገጠ። ሦስት ሰው ሳቀለት። ቁጥር 3 በቁጥር 5 ተመልሳ መጣችና ሳትቆጣ አንድ ነገር ጠየቀችው። ማኅበሩ ጋ ያለው የድሀ እናቶች ስም፣ ስልክና የገቢ መጠን የማን ነው? የማኅበሩ ሳይሆን የእናቶቹ ነው። አገሪቱም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፣ ትንሽ ማኅበር ነኝ ማለት ከዝርዝሩ ኃላፊነት አያድንም አለች። እሱ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን ዝርዝሩን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ስለነበርኩ በዚያው ማታ ሄጄ አጠፋሁት።

ቁጥር 6 ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። በባቡር ጊዜ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር በፈረንሳይኛ በታይፕ ተጽፎ ሁለት ካርቦን ኮፒ ይወጣለት እንደነበር፣ አንዱ እዚህ ቀርቶ ሌላው በባቡር ይሄድ እንደነበር አጫወቱን። ከርዕሱ ወጡ ብዬ ነበር ያለፍኳቸው። በኋላ ሳስበው ግን ባክአፕን፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂን፣ ከሁላችን ቀድመው የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ቁጥር 7 ስለ ኢሜይል የጻፈውን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ኢሜይልን በብሮውዘር መክፈት ትታችሁ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጫኑ አለ። ነፃ ነው። ደብዳቤው ኮምፒውተሩ ላይ ይወርዳል፣ ኔት ሲጠፋ ታነባላችሁ፣ መልሱን ጽፋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ኔት ሲመጣ ይሄዳል። ገጹ በየጊዜው እንደ አዲስ ስለማይከፈት ካርድም ይቆጥባል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀ። ሲጫን አይማፕ ወይስ ፖፕ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ሁልጊዜ አይማፕ ይምረጥ። አይማፕ ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ለሁሉም ያሳያል። ፖፕ ግን እንደ አሞላሉ ደብዳቤውን ወደ አንዱ ማሽን ጎትቶ ሰርቨሩን ባዶ ሊያስቀረው ይችላል። ለስልክም በፊት ኬ ናይን ይባል የነበረው አፕ አሁን ተንደርበርድ ለአንድሮይድ ሆኗል።

ቁጥር 8 ይህንኑ ያየች የሐረር ልጅ ናት። ድሮ የሠራችበት ቢሮ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር በፖፕ ተሞልቶ ነበር። ጸሐፊዋ ጠዋት ቀድማ ስትገባ ደብዳቤው ሁሉ ወደ እሷ ይጠቀለላል። ሌሎቹ ሲከፍቱት ባዶ። የሥልጠና ጥሪ እየደበቀችን ነው ተብሎ ሰው ለወራት ተኮራረፈ። አንዲት ምልክት ናት ሰዉን ያጣላችው። ወላሂ እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ አሉ ብላ ጨረሰች።

ቁጥር 9 አንድ መስመር ነበር። ልጁ ጋ ደውላችሁለታል ወይ ብሎ ጠየቀ። እንዳላየሁ አለፍኩት።

ከቁጥር 10 እስከ 13 ያለው ጠብ ነው። ቁጥር 10 ኦፊስ የሚገዛ ሰው በድሬ ምድር አላየሁም፣ ክራኩን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ፣ ጫኑና ሥሩ አለ። ቁጥር 11 ጦፈ። ቫይረሳችሁ በፍላሽ ብቻ የመጣ ይመስላችኋል? የክራኩ ፋይል አንቲቫይረስ አጥፋ ሲላችሁ እሺ ብላችሁ ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ወረደብን። ልክ ነው፣ አጥፍተናል። ቁጥር 12 አስታረቀና ሊብሬኦፊስን አመጣ። በ2010 በፈረንጆቹ ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፣ ነፃ ነው፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ጉድለቱንም አልደበቀም። ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ወደ ሌላው ፕሮግራም ሲሄድ ይዛነፋል። ስለዚህ ለመንግሥት ቢሮ የሚላከውን በፒዲኤፍ ላኩ፣ አብራችሁ የምታርሙትን ብቻ በዎርድ መልክ ላኩ አለ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ቁጥር 13 ነው። እኔ ያልጠየቅሁትን ነገር ነው የመለሰው። የድሮ ቃለ ጉባኤዎቻችሁ ይነበባሉ ወይ አለ። ሄጄ ከፈትኳቸው። የነጥብ፣ የቅንፍና የላቲን ፊደል ክምር። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት የድሮ ፎንቶች ከሥር የሚያስቀምጡት የእንግሊዝኛን ፊደል ቁጥር ነው፣ ከላይ የግዕዝ መልክ ያለብሱታል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ልብሱ ወልቆ እርቃኑን ይቀራል። እኛም ፎርማት ስናደርግ ፎንቱ አብሮ ጠፍቷል። ፊደላችን በ1999 በፈረንጆቹ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል፤ እንግዲህ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዛሬ ጀምሮ በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ጻፉ፣ ስልክም ኮምፒውተርም ያነበዋል፣ ፈልጉልኝ ስትሉትም ይፈልግላችኋል አለ። ለድሮው ሰነድ ደግሞ ፎንቱን መልሳችሁ ጫኑና አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፣ ገና አላለቀም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ላይ ሻይ በማን ሒሳብ ይሁን የሚል ግማሽ ገጽ ክርክር አገኘን።

ቁጥር 14 ስለ ዴስክቶፖቹ ጠየቀኝ። ዊንዶውስ 10 ናቸው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ አሮጌ ማሽን ደግሞ 11ን አይቀበልም፣ ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ጫኑ አለ። ቁጥር 15 እንዲህ ሲሉ ሰምቶ የጫነ ሰው ነው። የቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ በማግስቱ ፒችትሪዬ የት ገባ ብላ አለቀሰች። ፒችትሪ የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ላይ እንዲያው በቀላሉ አይሄድም። አንዱን ሚንት አድርጉት፣ ሒሳብ የሚሠራበትን አትንኩ አለ። እንደሱ አደረግን። ቁጥር 16 ደግሞ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅንን ጫኑ፣ ማስታወቂያው ሲቀር ገጹም ይፈጥናል፣ ካርዱም ይተርፋል አለ። ክሮም ዋናውን ዩብሎክ አይቀበልም፣ ፋየርፎክስ ይቀበላል። ይሄ ምክር ሁለት ደቂቃ ነው የወሰደው።

ቁጥር 17 ሁለተኛውን መስፈርቴን አስታወሰኝ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሳምንታት ሲቆይ የእነሱ ቢሮ ፋይሉን ሁሉ ጉግል ድራይቭ ላይ አድርጎ ነበር። ሠራተኛው በየቀኑ እየገባ ቡና ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ሁለት ሲም ያዙ፣ የሁለት ኩባንያ አለ። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው በነሐሴ 2014 እዚሁ ድሬ ነው፣ እኛ እንኳ ምርጫ የለንም አንልም ብሎ ኮራ። ግን ሁለቱም የሚጠፉበት ቀን አለ፣ ለዚያ ቀን ፋይሉ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ቁጥር 18 ለዚህ ሲንክቲንግን ጠቆመ። ሦስቱ ኮምፒውተሮች አንድ ራውተር ላይ ካሉ፣ ራውተሩ ኔት ባይኖረውም እንኳ፣ ፋይሉን እርስ በርስ ይገለባበጣሉ። መሀል ላይ ኩባንያ የለም፣ ክፍያም የለም። ለስልክ የነበረው ዋናው አፕ በ2024 መጨረሻ በፈረንጆቹ መቆሙንም ነገረን፣ ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የምንጠቀምበት። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቁጥር 19 ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብኝ። መገለባበጥ ባክአፕ አይደለም። አንዱ ላይ የተሳሳተ ሰው ፎልደር ቢያጠፋ ሦስቱም ላይ ይጠፋል። ቫይረሱ ያበላሸውን ፋይልም በታማኝነት ያዳርሰዋል። በሳምንት አንዴ የሚሰካና ተነቅሎ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋችኋል አለች።

ቁጥር 20 ላይ ዝም ብዬ ቆየሁ። የመጋላ ሰው ናቸው። በ1998ቱ ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲወጣ የእድራቸው መዝገብ ከነሣጥኑ ሄደ። ማን ስንት እንደከፈለ፣ ማን ስንት እንደቀረበት የሚያውቅ ጠፋ። ያኔ ነው መዝገቡ የሚያስፈልገው፣ ቀባሪ በበዛበት ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ሁለት መዝገብ ይጽፋሉ። አንዱ መጋላ፣ አንዱ ከደቻቱ ማዶ ከዚራ፣ ዘመድ ቤት። ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ምን ጠቀማችሁ አሉኝ። የእኛም ዲስክ አሁን መጋላ፣ ሊቀመንበሯ ቤት ነው የሚያድረው።

ቁጥር 21ና 22 ስለዚያ ሌሊት ብቻ ጻፉ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው ያለቀው። ስለ ሶፍትዌር አንድ ቃል የላቸውም። ከርዕስ ወጣችሁ የሚል አልተገኘም፣ እኔም አላልኩም።

ጨዋታውን የመለሰው ቁጥር 23 ነው። የሐረር ልጅ ነው። እኛ ጀጎል ውስጥ ስለሆንን ጎርፍም ቫይረስም አይገባብንም ብሎ ጎረረ። የድሬ ልጅ በቁጥር 24 አቦ መጀመሪያ ለጎርፉ የሚሆን ውሃ አግኙ አለው። ከዚያ ቁጥር 25ና 26 ፈቲራ የማን ይጣፍጣል ገቡ። ቀፊራ የሚለውም ፈረስ መጋላ የሚለውም አልተሸነፈም። እኔ በበኩሌ ወገንተኛ ስለሆንኩ አልፈርድም።

ቁጥር 27 ተቆጥቶ መጣ። ሁላችሁም የፕሮግራም ስም ስትደረድሩ ዋናውን ነገር ረሳችሁት አለ። ይህች ማኅበር የተቆለፈችው ጂሜይል መጥፎ ስለሆነ ነው እንዴ? ሌላ ኢሜይል ብትይዝም ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ ነገም ትቆለፋለች። በማኅበሩ ስም ሲም አውጡ፣ ሲሙ ከገንዘብ ሣጥኑ ጋር ይቀመጥ። ጉግል ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለሚያበራ ሰው 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ አትሟቸው። ፓስወርዶቹን ኪፓስ ኤክስ ሲ ውስጥ ክተቱ፣ ያለ ኔት ይሠራል፣ ሁሉም ነገር አንድ የተመሰጠረ ፋይል ውስጥ ነው። የእሱን ቁልፍ በወረቀት ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ለሁለት ሰው ስጡ። ሰው ሲለቅ የቢሮ ቁልፍ ትቀበሉት የለ? ፓስወርዱንም በዚያው ቀን ቀይሩ። አነጋገሩ ይቆረቁራል። ግን ከ34ቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይሄንን ነው።

ቁጥር 28 የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም፣ ግዙ፣ አድራሻው የእናንተ ስለሚሆን የፈለጋችሁ ጊዜ ኢሜይል አቅራቢ ትቀይራላችሁ አለ። ቁጥር 29 የእነሱ ዶሜይን ዓመታዊ ክፍያ ተረስቶ ሲያልፍ የቁማር ድረ ገጽ እንደሆነ፣ ለጋሾች ከፍተው እንደደነገጡ ነገረን። ለጊዜው ይቆየን። ቁጥር 30 ደግሞ ለ180 ሰው የጥሪ ደብዳቤ ሲልክ አድራሻውን በሙሉ በግልጽ ሰልፍ አስገብቶ፣ ሰው ሁሉ የሰውን ኢሜይል አይቶ፣ ለአንድ ወር ሲሰደብ ከርሟል። ስውር ቅጂ (Bcc) በሚለው ሳጥን አስገቡ አለ። ይህንን ብዙዎቻችን የተማርነው በውርደት ነው።

ቁጥር 31 ያ የቁጥር 9 ሰው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ፣ ልጁ ጋ ደወላችሁ ወይ? ቁጥር 32 ሳቀ። እኔም ማምለጫ አጣሁና በቁጥር 33 እውነቱን ጻፍኩ። አልደወልንም። ሲለቅ በ600 ብር የትራንስፖርት አበል ተጣልተን ነበር። እኛ ከፍለናል እንላለን፣ እሱ አልተከፈለኝም ይላል። ማን ቀድሞ ይደውል? ቁጥር 34 ደግሞ ቃል አላበዛም፣ ስልኩን አንሺ አለኝ።

ሐሙስ ቀን፣ ከዚራ በሙቀት እንቅልፍ ላይ ባለችበት ሰዓት ደወልኩ። አሁን አዳማ ነው የሚሠራው። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ስሜን ስነግረው ገና ሰላምታ ሳይጨርስ እናንተ ናችሁ እንዴ አለ። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ኮድ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ኢሜይላችንን ሊሰርቅ የሚሞክር መስሎት ነበር። ለማንም አልሰጠሁም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጣብኝ አለኝ። ያ እኔ ነበርኩ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። ኮዱን አነበበልኝ፣ ገባሁ። ያው መስመር ላይ እያለ ቁጥሩን በማኅበሩ ሲም ቀየርነው። የ600ውን ነገር አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም፣ ግን ገንዘብ ያዧ ደረሰኙን እየፈለገች ነው።

412 ያልተነበበ ደብዳቤ ነበር። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ስሄድ ሦስት ወር የሞላው አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ከእሱ ነው። ኢሜይላችሁን ሊሰብር የሚሞክር ሰው አለ፣ ቶሎ ደውሉልኝ ይላል።